ልጄ ዴንግፌንግ ላይ የመታችኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ቀኝ ትከሻዬ አልነሣ ቢለኝ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንዲት ቻይናዊት ዘንድ ሄድኩ። እዚህ ቴራፒስት ይሏታል፤ እኔ ግን ወጌሻ ነው የምላት። ከትንሽ ጠርሙስ ቡናማ ነገር መዳፏ ላይ አፍስሳ ማሸት ስትጀምር ሽታው አናቴ ድረስ ወጣ። ካምፎር አለበት፣ አረቄ አለበት፣ ከመሬት ሥር የተማሰ ሥራ ሥር የመሰለ ነገርም አለበት። ዐይኔ እንባ ሲያቀርር አይታ በእንግሊዝኛ "አመመህ?" አለችኝ። "የለም፣ ድሮ አሞኝ ነው" አልኳት። ምን እንዳልኳት አልገባትም፤ ማሸቷን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ዘመን አልለቅ ብሎኛል። ዕድሜዬም ሰባን እየተጠጋ ነው። እንግዲህ ሰው ከሚያወራልኝ እኔው ልናገረው ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። አሁን ያንን ያማረ መሐል ከተማ የሚያይ ሰው አያምነኝም እንጂ፣ እኛ ስንገባ ግማሹ ሱቅ በጣውላ የታሸገ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ዕቃ ማስያዣ ቤትና የዊግ መሸጫ ብቻ መብራት የሚያበራበት ሰፈር ነበር። ጋሎን ቤንዚን በዶላር ከምናምን ሳንቲም እንቀዳለን። አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን እንደውላለን፤ ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ወንዱ ሁሉ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ሁለት ሰው የሚያስገባ ጂንስ። እኔ ካብ፣ ታክሲ ማለቴ ነው፣ እነዳ ነበር። አንዲት ካሴት ነበረችኝ፤ ባንድ ገጿ መንዙማ፣ በሌላው ገጿ አምባሰል። ተሳፋሪ ሲገባ አምባሰሉን አደርጋለሁ፣ ብቻዬን ስሆን መንዙማውን። ባለቤቴ ዘምዘም ደግሞ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለችን፣ ሐያት። ትምህርት ቤት ስትገባ እንግሊዝኛዋ ባንድ ክረምት አማርኛዋን ቀደመው፤ እኔ ባማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ቤታችን እንደዚያ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዛፍ በሞላበት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ "እዚህ ጋ አቁም" አለኝ። አቆምኩ። ዞር ስል በሽጉጡ ሰደፍ አፌን መታኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ። ደግሞ መታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ኪሴን በረበረና እየተራመደ፣ ሳይሮጥ ሄደ። አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ ጥርሴ አይደለም። እኔ እኮ ደሴ ጎረምሳ ሳለሁ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ካራቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከሲኒማ ቤት ወጥተን እስኪመሽ እርስ በርስ እንራገጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ "እንድሪስ ካራቴ" ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ተጣብቀው ቀሩ። እንዳላንቀሳቅሳቸው ማንም አላሰረኝም። ቤት ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ሐያት ናት፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሸሚዜ ላይ ያለውን ደም አየችና "ባባ፣ ዲድ ዩ ሂት ሂም ባክ?" አለችኝ። መልሰህ መታኸው ወይ ማለቷ ነው። አልፌያት ገብቼ አፌን ታጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ሰውነቴ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ሌላ መኪና መንገድ ሲያጠብብኝ ወርጄ መስታወት እመታለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግድግዳ እመታለሁ። ዘምዘም ጉልበቴ ሥር ቁጭ ብላ "እንድሪስ፣ ወይ ዱዓ አድርግ፣ ወይ ሐኪም ሂድ" አለችኝ። እኔ ግን ሐኪምም ሳልሄድ፣ ከአንድ ላውንድሪ ቤት በላይ ኩንግ ፉ የሚያስተምሩ ሚስተር ሉ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሐያትንም ይዣት ሄድኩ። "የኔ ልጅ እጇ መሪ ላይ አይቀርም" አልኩ በልቤ። ሚስተር ሉ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከታች የማድረቂያው ሙቀት ወለሉን አልፎ እየመጣ፣ የሳሙና ሽታ እየሸተተን፣ ያሠሩን ነበር። ልጄ ለሱ የተፈጠረች ነበረች። በዓመቷ ከሷ በሁለት ዓመት የሚበልጡትን ጣለች። ሳያት ደስ ይለኛል፤ ግን ደስታዬ ጤነኛ አልነበረም።

እቤት ሌላ ትምህርት ቤት ከፈትኩ። ከፈጅር ሶላት በኋላ ሳሎኑን አጽድቼ ጉልበቷን አሳጥፌ፣ በኩንግ ፉ የፈረስ አቋቋም የሚሉትን አስቆማታለሁ፤ ጭኗ እንደ መሬቱ አግድም እስኪሆን ዝቅ ብላ፣ እጇን ወደፊት ዘርግታ። ከተንቀጠቀጠች በእንጨት ዱላ ባቷን እመታታለሁ። "ለበጎ ነው" እላታለሁ ሁልጊዜ፣ ያባቴን ቃል። ልምምድ ከቀረች እመታታለሁ። ተመልሳ ከተናገረች እመታታለሁ። በርትቼ አልመታሁም ለማለት ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ። በርትቼ ነው የመታኋት። ዘምዘም መሐል ስትገባ እሷንም ገፍትሬአት ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ክንዷ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ጠቁሮ ሰንብቷል። አንዲት መምህርት የሐያትን ባት አየችና ከካውንቲው የልጆች ደኅንነት ቢሮ አንዲት ሴት ተላከች። ባለ ፋይል፣ ረጋ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት። ሶፋችን ላይ ቁጭ ብላ ልጄን ለብቻዋ ጠየቀቻት። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሰማሁ። ሐያት ዐይኗን ሳታርገበግብ "ኩንግ ፉ ላይ ነው የተመታሁት፣ ስፓሪንግ ነው" አለች፤ የልምምድ ግጥሚያ ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ጻፈችና ሄደች። ልጄ ለኔ ብላ ዋሸች። እኔም በዚያ ማግስት ጠዋት፣ ወሏሂ፣ ዱላውን አንሥቼአለሁ።

እንዲህ እያልን አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ቤንዚኑም አራት ዶላር ገባ፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ታጥቦ ታጥኖ ኪራዩ ስለማይቀመስ እኛ ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻግረናል። በዚያ ክረምት ሚስተር ሉ የወንድማቸው ልጅ በአሠልጣኝነት ወደሚሠራበት፣ ቻይና አገር ዴንግፌንግ የሚገኝ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ስድስት ሰው ይዘው ሊሄዱ ሆነ። ዘምዘም ያጠራቀመችውን አውጥታ "አባትና ልጅ አብራችሁ ስትሄዱ ትታረቁ ይሆናል" ብላ ሸኘችን። ከኛ ሌላ አንድ ሐበሻ ነበር፤ ፍቅሩ የሚባል፣ ሄርንደን የሚኖር፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ጎልማሳ። የቀሩት ፈረንጆች ናቸው።

ዴንግፌንግን ሳስብ አስቀድሞ የሚመጣብኝ ድምፅ ነው። ከተማዋ ሶንግ የሚሉት ድንጋያማ ተራራ ሥር ናት፤ ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ የልጆች ጩኸት ተቀበለን። በየግቢው፣ በየመንገዱ፣ ቀይና ሰማያዊ ቱታ የለበሱ በሺ የሚቆጠሩ ልጆች ባንድ ድምፅ "ሃ!" ሲሉ የሱቁ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ዋናው መንገድ ግራና ቀኙ የሰይፍ፣ የጦር፣ የሰንሰለት ሱቅ ነው፤ ከሰይፉ ሥር የተቀቀለ በቆሎና ኮክ የሚሸጡ ሴትዮዎች ተቀምጠዋል። ያን ያህል ልጅ በጨርቅ ጫማ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ሰዉ እኛን ሲያይ እያስቆመ ፎቶ ይነሣል፤ አንዲት አሮጊት የሐያትን ጉንጭ በጣቷ አሽታ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ጣቷን አየች። ሐያት ሳቀች። እዚያ ተራራ ሥር አላገኘውም ብዬ ተስፋ የቆረጥኩበትንም ነገር አገኘሁ፤ ባረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ባረብኛ "ሐላል" የተጻፈበት ምግብ ቤት። ባለቤቱ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰውዬ ናቸው። "አሰላሙ ዐለይኩም" ስላቸው ምድጃቸውን ትተው ወጥተው አቀፉኝ። ከዚያች ሰላምታ በቀር አንድም የምንግባባበት ቃል አልነበረንም፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ እሳቸው ዘንድ የበግ ሾርባ ከነፓስታው እንበላለን፤ ልጄ ከፊቴ ተቀምጣ፣ አፏ በበርበሬ እየተቃጠለ፣ ስለ ቀኑ ታወራኛለች። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አውርታኝ አታውቅም።

የኩንግ ፉ መነሻ የሚባለውን የመነኮሳት ቤተ መቅደስም አየን። ሰው የሚጎበኘው ጣሪያውንና ሐውልቱን ነው፤ እኔ ግን ዐይኔን የያዘው አንድ አዳራሽ ውስጥ ያለው የድንጋይ ወለል ነው። መነኮሳቱ ለዘመናት እግራቸውን ሲረግጡበት፣ ወለሉ እንደ ሙቀጫ ጎድጉዷል፤ በረድፍ በረድፍ፣ አንዱ ጉድጓድ ካንዱ እኩል ርቀት ላይ። ሚስተር ሉ "ትዕግሥት ነው" ሲሉ አስረዱን። ሐያት ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን በእጇ ዳሰሰችና "እዚህ ውስጥ ስንት ልጅ አልቅሷል?" አለች፣ ባማርኛ። ፍቅሩ ሳቀ። እኔ "ካልተለቀሰ አይሠራም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወጣች።

የሚስተር ሉ ወንድም ልጅ ዋንግ ይባላል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ደረቱ ጠባብ፣ አንገቱ ወፍራም ሰው ነው። ነጭ ልምጭ ከእጁ አይለይም። የዘገየውን ባቱን፣ ያዛጋውን ጀርባውን ይለዋል። ልጆቹ አያለቅሱም፤ ተመትተው መቁጠራቸውን ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ቀን ፍቅሩን በክርኔ ነክቼ "ይኼ ነው ትምህርት!" ማለቴን አስታውሳለሁ። ከሐያት አጠገብ የምትቆም አንዲት ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ ፋብሪካ ለመሥራት ሩቅ ሄደው እዚያ ያሳደሯት ነው አሉ። በዕረፍት ሰዓት ሐያት ብርቱካን ትልጥላታለች፤ ልጅቷ ደግሞ የሐያትን ጠጉር ትጎነጉናለች። ስሟን እንኳ በደንብ አላወቅነውም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከተራራው ሳይነሣ፣ የፈረስ አቋቋም ያዙ። እኔ ጉልበቴ ስላበጠ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አያለሁ። ብዙ ቆዩ። የትንሿ ልጅ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ወደቀች። ዋንግ ባቷን መታት። ተነሣች። ደግማ ወደቀች፤ ደግሞ መታት። ሦስተኛውን ሲሰነዝር ሐያት ከአቋቋሟ ተነሥታ ልምጩን በእጇ ያዘችው። "ስቶፕ" አለችው። ዋንግ ፈገግ ብሎ ልምጩን ሳበ፤ አልለቀቀችም። በእጁ ጀርባ ፊቷን በጥፊ መታት። አፍንጫዋ ደማ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። "ልጄን!" እያልኩ ሮጥኩ። ስደርስበት ዋንግ በሙሉ እንኳ አልዞረም፤ ክንዴን ያዘ፣ ጠመዘዘ፣ ትከሻዬ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት አንድ ነገር ተሰበረ፤ አፈር ቃምኩ። ያን ጊዜ ግን ልምጩን ለቆ ነበር። ሐያት ከኋላው ጉልበቱን መታችው። ወደቀ። ሊነሣ ሲል ክንዱን መታችው፣ ጣቶቹን መታችው፣ ትከሻውን መታችው፤ ልምጩ ሲያፏጭ ይሰማኛል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷ ልምጩን በሁለት እጇ ከአናቱ በላይ አነሣች። ሚስተር ሉ ይጮሃሉ፤ የሚጠጋ ግን የለም። ፊቷን ሳታዞር ጠራችኝ።

"ባባ። ልምታው?"

አፈር ላይ ተኝቼ፣ አፌ በደምና ባቧራ ተሞልቶ፣ ከሆዴ ሥር የወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። "በይው!" አልኳት። "አናቱን በይው! አትማሪው!"

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ልምጩን ከሰውየው ራስ ላይ ዝቅ አድርጋ ወደኔ መጣች። ልታነሣኝ መስሎኝ ደህናውን እጄን ዘረጋሁላት። ባቴን መታችኝ። እዚያው እኔ የምመታት ቦታ ላይ። አንድ። ሁለት። ሦስት። በሦስተኛው ቆዳዬ ተላጠ። "ለበጎ ነው፣ ባባ" አለችኝ፤ ባማርኛ፣ በኔው አነጋገር፣ በአባቴ አነጋገር። ከዚያ ልምጩን ጣለችና ቁጭ ብላ አስመለሳት። ትንሿ ልጅ ሄዳ ጀርባዋን ያዘችላት።

ያን ቀን ከሰዓት በፊት ከትምህርት ቤቱ አስወጡን። ዋንግ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሐያትን አይቶ አንድ ነገር ተናገረ። ሚስተር ሉ ሊተረጉሙልን አልፈለጉም፤ ስጫናቸው "ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስተማራት? ይላል" አሉኝ። ሐያት ወደኔ አላየችም። ትንሿን ልጅ ልሰናበታት ብትል ከለከሏት። ባለ ሾርባው ሰውዬ ሱቃቸውን ዘግተው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ፤ ወጌሻውም ትከሻዬን መልሶ በዚያ የጠርሙስ ነገር አሸው፤ ባቴን ግን ማን እንደመታኝ ሁለቱም አልጠየቁም። በአውሮፕላን ስንመለስ ክንዴ ታስሮ ስለነበር ምግቤን የምትቆርስልኝ ሐያት ናት። ዶሮውን በትንንሹ ቆራርጣ ታስጠጋልኛለች።

ወሬው ግን ከኛ ቀድሞ ገብቷል። ፍቅሩ ነግሮ ነው። "የእንድሪስ ልጅ አባቷን በዱላ ደበደበች" ተብሎ ከሄርንደን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወራ። አባትን መምታት በኛ ዘንድ ምን እንደሆነ መንገር አያሻኝም፤ ዘር ያጠፋል ይባላል። እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ አራት ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ ሙሄ ናቸው መሪያቸው፤ ካገር ቤት ጀምሮ የማከብራቸው ሰው። ሶፋው ላይ ተደርድረው ሐያትን አስጠሯት። መጥታ ቆመች።

"ልጄ፣ ነይ ያባትሽን ጉልበት ሳሚ" አሉ ሐጂ። "ይቅር ይልሻል። ካልሳምሽ እርግማኑ አይለቅሽም።"

ሐያት አልተንቀሳቀሰችም። ዘምዘም ወጥ ቤት በር ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ቆማለች። እኔ ከሁሉም በላይ የፈለግሁት ልጄ ጉልበቴን ስማ ነገሩ እንዲያልቅ ነበር። ተስሞ፣ ሰዎቹም በልተው ጠጥተው እንዲሄዱ። ግን ያቺ የካውንቲ ሴት የተቀመጠችበት ሶፋ ላይ ሐጂ ሙሄ ተቀምጠው አየሁ፤ ልጄም ደግማ ለኔ ልትዋሽልኝ ቆማለች።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ጉልበት የሚሳም ከሆነ የሷ ነው። ስድስት ዓመት መትቻታለሁ። በዱላ። እናቷንም ገፍትሬአለሁ። ሰው እንድትገድልም አዝዣት ነበር፤ አልታዘዘችኝም።"

ሐጂ ተቆጡ። "የትኛው አባት ነው ያልመታ? እኛስ በአለንጋ አይደል ያደግነው?"

"አዎ፣ በአለንጋ ነው ያደግነው። አባቴ የሞቱ ቀን አላለቀስኩም፣ ሐጂ። ሰው እንዳያየኝ ዐይኔን በውሃ አርሼ ነው የቀበርኳቸው።"

ሐጂ ሙሄ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሐያት እኔን ሳታየኝ ወደ ክፍሏ ገባች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እንዲህ ካልኩ በኋላ ታርቀን ተላቀስን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሆነም። ዓመታት አለፉ፤ ለናቷ ኮል ታደርጋለች፣ እኔ ሳነሣ ትዘጋዋለች። ኩንግ ፉም ተወች፤ ነርስ ሆነች። ያ ትልልቅ ጂንስ ጠፍቶ ሁሉም እግሩ ላይ የተጣበቀ ሱሪ ለበሰ፤ የስልክ ካርድ ቀርቶ በነፃ መደወል መጣ፤ ካቡም በስልክ አፕ በሚጠራ መኪና ተበላ። አንድ ቀን ሼኹ ደወሉልኝ። የሐያትን ኒካሕ፣ ጋብቻዋን፣ ሊያስሩ ነው፤ የአባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ በስልኩ የሷ ድምፅ መጣ፤ "ባባ፣ ትፈቅዳለህ?" "እፈቅዳለሁ" አልኩ። "እሺ" አለችና ስልኩን ለሼኹ መለሰች።

ልጇን ኢማንን ከወለደች ወዲህ እየመጡ ይጠይቁን ጀመር፤ መጀመሪያ ዘምዘም ባለችበት ብቻ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሆናት የኢማን ሞግዚት ሥራ ለቀቀች፤ ዘምዘም ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ናት። ሐያት በሩ ላይ ልጇን አቅፋ ቆመች። ልጅቷን ላቅፍ እጄን ስዘረጋ ወዲያው አልሰጠችኝም።

"ሁለት ሰዓት ብቻ ነው" አለች። "ባባ፣ ኢፍ ዩ ኤቨር…" አንድ ቀን እንኳ ብትመታት ልትል ነው፤ አልጨረሰችውም።

"ገብቶኛል" አልኳት።

ሰጠችኝና ወረደች። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኢማን የጠረጴዛውን ጨርቅ ሳበችና ሳህኑም፣ ወተቱም፣ ሻዩም ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። እጄ ተነሣ። እኔን ሳይጠይቅ ነው የተነሣው። ኢማን እጄን ቀና ብላ አየችና ሳቀች፤ ልጫወትላት መስሏት የሷንም አነሣች። እጄን አወረድኩ። ከዚያ ስብርባሪውን እንዳትረግጥ አቅፌ መስኮት ጋ ወሰድኳት። ቁልቁል ፓርኪንጉን ስመለከት የሐያት መኪና እዚያው ናት። ልጄ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀና ብላ መስኮታችንን ታያለች። ያንን ሁለት ሰዓት የትም አልሄደችም። ስትመጣም ነገሩን አላነሣሁባትም። በሁለተኛው ቅዳሜም እዚያው ተቀምጣ ዋለች። በሦስተኛውም፣ ዝናብ እየጣለ፣ የመኪናዋ ዋይፐር አልፎ አልፎ እየጠረገ። በአራተኛው ቅዳሜ ኢማንን አቀበለችኝ፣ ጫማዋን አወለቀችላት፣ ወርዳ ሞተሩን አስነሣች፤ ከፓርኪንጉ ወጥታ ዱክ ስትሪትን ይዛ ሄደች።